ጌሾ የሚሸት የከርሰ ምድር ውኃ

ወደ ደብረ ማርቆስ ለሥራ ልሄድ ነው ስል ጎረቤቶቼ በሙሉ ጤፍ አዘዙኝ። ምን ልትሠሪ ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ለአዲስ አበባ ሰው ጎጃም ማለት ማኛ ጤፍ የሚመጣበት ማሳ ነው፤ ሰው የሚኖርበት፣ ውኃ የሚጠጣበት አገር መሆኑ ትዝ የሚለው የለም። ይህን የምጽፈው ጤፉን እየበሉ አገሩን ለማያዩት ለእነሱ ነው። ጤፉንም ሳላመጣ ቀርቻለሁ፤ እስካሁን ተቀይመውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ደጋው አልቆ የዓባይ ቁልቁለት ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ፣ ዋሻ እየቆፈረ ከመሬት ሥር ድንጋይ ከሰል የሚያወጣ አንድ ድርጅት አለ። ከዋሻው በላይ ካለው ኮረብታ ግርጌ ደግሞ ወይራ ምንጭ የሚባል ምንጭ ይፈልቃል። መንደሩ፣ ከብቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ የሚጠጣው ከዚያ ነው። ድርጅቱ አዲስ ዋሻ በኮረብታው ሥር ሊያሳልፍ ፈልጓል። ከሥር ሲቦረቦር ከላይ ያለው ውኃ ወደ ቀዳዳው ይወርዳል፤ ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያሻም፣ የሚያፈስ ድስት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። የምንጩን ደኅንነት ለመከታተል ተብሎ በምንጩ አጠገብ ጠባብ ቱቦ ወደ መሬት ተቀብሯል፤ በየጊዜው ባለሙያ እየሄደ ውኃው ቱቦው ውስጥ የት ድረስ እንዳለ ይለካል። አምና አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተለካው ሁሉ ግን "ውኃው እንዳለ ነው" ይላል። እኛም ሄደን "እንዳለ ነው" ካልን አዲሱ ዋሻ ይቆፈራል።

እኔ የውኃ ናሙና የምመረምር ኬሚስት ነኝ። አለቃዬ ኢንጂነር ይባላል። ስም አለው፤ ግን ማንም ሰው በስሙ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም፣ ሚስቱም በስልክ ኢንጂነር ነው የምትለው።

ሰኞ

ልንነሣ የተቀጣጠርነው ጎሕ ሲቀድ ነበር። ኢንጂነር የመጣው ሱቆች ሁሉ ከተከፈቱ በኋላ ነው፤ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ የማዕድን ሠራተኛ ቢጫ ቆብ ደፍቶ። ከሸገር እስከ ዋሻው ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ ነው፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ራሱ ላይ ምን ይወድቅብኛል ብሎ እንደፈራ አልገባኝም። ሾፌራችን ጋሽ በቀለ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ "እንግዲህ በሰላም ያግባን" ብለው ሞተሩን አስነሡ።

እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ኢንጂነር ውጭ አገር ስለ ወሰደው ሥልጠና አወራ። ከዚያ የዓባይ ቁልቁለት ጀመረና፣ ዓባይን እግዜር ይስጠው፣ ዝም አሰኘልን። ግማሽ ያህል እንደ ወረድን ፍሬኑ የተቃጠለ ሽታ አመጣ። ጋሽ በቀለ ዳር ይዘው አቆሙና "እስኪበርድ ቁጭ እንበል" አሉ። ኢንጂነር ግን የተማረ ሰው ነው፤ የተማረ ሰው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። የያዝነውን የታሸገ ውኃ አንድ በአንድ እየከፈተ የጋለው ጎማ ላይ አፈሰሰው።

"ምን ማድረግዎ ነው ጌታዬ?" አሉ ጋሽ በቀለ። "የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ! ቢሰነጠቅስ?"

"ይኼ ሳይንስ ነው" አለ ኢንጂነር።

ሳይንሱ ጥላ በሌለበት ጠርዝ ላይ አስቀመጠን። የመጋቢት ፀሐይ አናታችንን ይመታል፣ ከእግራችን ሥር ዓባይ ይታያል፣ የሁላችንም አፍ ደርቋል። ጋሽ በቀለ "የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው" ብለው ተረቱና ፊታቸውን አዞሩ። በመጨረሻ ከደጀን በኩል የሚመጣ የከባድ መኪና ረዳት አይቶን ጀሪካን ይዞ ወረደ። "ለመኪናው ነው ለሰው?" ብሎ ጠየቀ። ለሰው መሆኑን ሲያውቅ ኢንጂነርን ከነቆቡ አስቀድሞ አጠጣው፤ ሳይስቅበት ማጠጣቱ ትልቅነት ነው፣ እኔ ብሆን አልችልም ነበር።

ደጀን ላይ ሽሮ በላን። የዚያ ቤት ሽሮ ከእኛ ሰፈሩ የሚለየው ሽሮ በመሆኑ ነው። ደብረ ማርቆስ ስንገባ መሽቶ ነበርና ያገኘነው ሆቴል ገባን፤ ግድግዳው በሙሉ መስታወት ነው፣ መታጠቢያ ቤቱም እንደ ሙሽራ ተሸልሟል። ቧንቧውን ከፈትኩ፤ ሳል ብቻ ወጣው። እንግዳ ተቀባይዋን ጠየቅኋት።

"ውኃ አለ" አለችኝ። "አሁን የለም እንጂ።"

ይህን መልስ ከእኛ ሰፈር ውኃና ፍሳሽ የተማረችው መሰለኝ። ልዩነቱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው፤ የእኛዎቹ መልሱን ሰጥተው ይሄዳሉ፣ እሷ ግን ባልዲ ሙሉ ውኃ ራሷ ተሸክማ ደረጃውን አውጥታ ክፍሌ ድረስ አመጣችልኝ።

ማክሰኞ

የማዕድኑ ሥራ አስኪያጅ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሳቂታ ሰው ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ይኸኛው እያሳሳቀ ውኃውን ሊወስድ ነው አልኩ በሆዴ። አዳራሽ አስገብቶ በግድግዳ ላይ ፊልም አሳየን፤ አረንጓዴ ተራራ፣ ፏፏቴ፣ የሚጠጡ ሚዳቋዎች። በአካባቢው ፏፏቴም ሚዳቋም የለም። ከዚያ የድርጅቱ ምልክት ያለበት ባርኔጣ አደለን፤ ኢንጂነር ቢጫ ቆቡን አውልቆ ባርኔጣውን አደረገና ቆቡን መልሶ ደፋበት።

"ምንጩን እኛም እንወደዋለን" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ቱቦው ይመስክር። ለጠባቂው ትናንት ደውለንለታል፣ ይጠብቃችኋል።"

መንደሩ ድረስ መኪና ስለማይገባ በእግራችን ወጣን። የቱቦው ጠባቂ አያ ምናለ ይባላሉ፤ ስድሳ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም፣ ድርጅቱ የሰጣቸውን ካፖርት በዚያ ሙቀት እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ቱቦው ከመሬት ብቅ ያለ ከነክዳኑ የተቆለፈ ነገር ነው፤ እሳቸው ግን ዙሪያውን በእሾህ አጥረውለታል፣ ከላዩም ትንሽ የሣር ጎጆ ሠርተውለታል። አዲስ አበባ ውስጥ ዋና መሥሪያ ቤታችን ያለው ዕቃ ሁሉ ተደምሮ ይህን ያህል አይጠበቅም።

"ቁልፉ ከባለቤቴ ዘንድ ነው" አሉና ተጣሩ።

ባለቤታቸው እትየ የሻረግ ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረው መጡ። ኢንጂነር የመለኪያ ገመዱን ወደ ቱቦው ላከ፤ ገመዱ ጫፉ ውኃ ሲነካ ይጮኻል። ብዙም ሳይወርድ ጮኸ። "እንዳለ ነው!" አለ ኢንጂነር፣ ልጅ የተወለደለት ይመስል። እትየ የሻረግም ደስ አላቸው፤ እንዲያውም ከሁላችንም በላይ የተደሰቱት እሳቸው ነበሩ።

እኔ ግን ስንወጣ ምንጩን አይቼዋለሁ። ከድንጋዩ ሥር የሚወርደው ውኃ ከእጅ ጣት የማይወፍር ነው፤ ሴቶቹ ማሰሮና ጀሪካን ደርድረው ወረፋ ይዘዋል። ምንጩ እንዲህ ቀጥኖ አጠገቡ ያለው ቱቦ እስከ አፉ የሚሞላው በምን ተአምር ነው? ያንን ሳቂታ ሰውዬ ያን ጊዜ ጠረጠርኩት። ናሙና ነገ እወስዳለሁ አልኩ፤ ኢንጂነር ምን ያደርጋል ብሎ ተነጫነጨ፣ እትየ የሻረግ ግን "በሉ እኛው ዘንድ እደሩ" ብለው ነገሩን ቆረጡት።

ማታ እንጀራ ቀረበ፤ ስልጆ፣ የባቄላ ወጥ፣ ቃሪያ። ጾም መሆኑን ያስረሳል። እኔም ሆዴን እየፈራሁ የገዛሁትን የታሸገ ውኃ ከቦርሳዬ አወጣሁ።

"ይኸ ምንድን ነው እታለም?" አሉ እትየ የሻረግ።

"ውኃ ነው።"

"ውኃ መሆኑንማ አያለሁ። እኔ ቤት ውኃ ይዘሽ የመጣሽ ተጸይፈሽን ነው?"

"ኧረ አይደለም እትየ፣ ሆዴን ስለሚያመኝ ነው።"

"የወይራ ምንጭ ሆድ ያሽራል እንጂ አያምም። ሰው ቤት ውኃ ተይዞ አይመጣም፤ በእናትሽ አስገቢው፣ ጎረቤት እንዳያይብን።"

አስገባሁት። እሳቸው በቅል የሰጡኝን ጠጣሁ፤ ሆዴም ምንም አልሆነም።

ረቡዕ

ናሙና ሲወሰድ ደንብ አለው። ቱቦው ውስጥ የቆመው ውኃ በሙሉ ይቀዳና ይደፋል፤ ከዚያ ከመሬቱ አዲስ ውኃ እስኪገባ ይጠበቃል፣ የሚመረመረው አዲሱ ነው። ከእኛ በፊት የመጡት የሙያ ባልደረቦቼ ይህን አንድም ቀን አላደረጉትም፤ ገመድ ልከው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ምሳ በልተው ነው የሄዱት።

በገመድ የሚወርደውን ቀጭን መቅጃ ላክሁና ጎተትኩ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ስሞላ አንድ ነገር አፍንጫዬን መታኝ። ደግሜ አሸተትኩት። ለጋሽ በቀለ ሰጠኋቸው።

"ጠላ ነው?" አሉ።

ጌሾ ነው። የምድር ሆድ ውኃ ድኝ ሊሸት ይችላል፣ ብረት ሊሸት ይችላል፤ ጌሾ ሲሸት ግን በሃያ ዓመት ሥራዬ ገጥሞኝ አያውቅም። በጠርሙሱ ውስጥ ደግሞ አንዲት የጌሾ ቅጠል በእርጋታ ትሽከረከራለች። መቅዳቴን ቀጠልኩ፤ ቱቦው ወዲያው አለቀ። ጠበቅን። ምንም የሚመለስ ውኃ የለም።

ሥራ አስኪያጁ ፎቶ አንሺ ይዞ ሲደርስ በእኔ በኩል ነገሩ ተፈርዶበት ነበር። መንደሩ እየሰማ "ቱቦው ውስጥ ውኃ እያስጨመሩ ነው!" አልኩት። ሰውዬው ሳቁን ለመጀመሪያ ጊዜ ረሳው። ሲክድ መልኩ የእውነተኛ ሰው መልክ ነበር፤ ይህም አናደደኝ። አያ ምናለ "በማርቆስ ታቦት! እኔ እያለሁ እዚህ አጥር የገባ ሰው የለም" ብለው ማሉ።

"እኔ ነኝ" አሉ እትየ የሻረግ ከኋላችን።

"ምኑን?" አልኳቸው።

"የምጨምረው እኔ ነኝ። እሱም አያውቅ፣ ይኸም ምስኪን አያውቅ" ብለው ባላቸውን በአገጫቸው ጠቆሙ። "አምና የመጡት ልጆች ያችን ጩኸታም ገመድ ሰደዷት፣ ሰደዷት፣ ቆይታ ቆይታ ጮኸች። ፊታቸው ጠቆረ። የሠራሁላቸውን ሳይቀምሱ ሄዱ። ጠባቂው ባሌ ነው እታለም። ከብት የሚጠብቅ ከብት ሲጎድልበት ይጠየቃል፤ ውኃ የሚጠብቅ ውኃ ሲጎድልበት አይጠየቅም? ደግሞስ ውኃ ብላችሁ ከሸዋ ድረስ መጥታችሁ ባዶ ላሳያችሁ? ነውር አይደለም? ትመጣላችሁ በተባለ ቁጥር ሌሊት ተነሥቼ ከምንጩ እየቀዳሁ እሞላዋለሁ።" ከዚያ ወደ ጠርሙሱ እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጀሪካኑ የጠላ ነው። ያጠብኩት መስሎኝ ነበር።"

ከሁሉ በላይ ያሳፈራቸው የጀሪካኑ አለመታጠብ ነበር።

ከምንጩ ከመጡት ሴቶች መካከል አንዷ "እኛ ወረፋ ስንጠብቅ ለቱቦ ታጠጫለሽ?" ብላ ጮኸችባቸው። ሥራ አስኪያጁ ሳቁ ተመለሰለት። ኢንጂነርም ተነቃቃ። "ትናንት ለክተናል፤ የተለካ ተለክቷል። ይህን ነገር ማጋነን አያስፈልግም" አለ።

እኔ የማፌዝበት ነገር አጥቼ አላውቅም፤ እዚያ ግን አጣሁ። የምንጩ ውኃ ተቀድቶ ምንጩ አልጎደለም ብሎ በሐሰት እየመሰከረ ነው። ቀጂዋም የምንጩ ልጅ ናት። አያ ምናለን ቱቦውን ጠብቁ ያላቸው እንጂ ለምን እንደሚጠብቁት የነገራቸው የለም። ካፖርት ሰጥተዋቸዋል፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ነፈጓቸው። ያ ሁሉ ሥልጠና፣ ያ ሁሉ ፊልም፣ ያ ሁሉ ባርኔጣ ለዚች ዓረፍተ ነገር ጊዜ አልነበረውም። ተናደድኩ፣ የተናደድኩት በእሳቸው አይደለም።

"እትየ የሻረግ፣ ያዳምጡኝ" አልኳቸው። "ቱቦው ባዶ ከሆነ የምንፈልገው ባዶነቱን ነው። ሙሉ ሲያሳዩን ምንጩ ደኅና ነው ብለን ዋሻውን በሥሩ እናስቆፍራለን። ባዶውን ካየነው ግን አቁሙ ማለት እንችላለን። መሬቱ ውኃ ካለው እስከ ነገ ቱቦውን ራሱ ይሞላዋል። ማንም አይንካው።"

ከዚያ ቁልፉን ከአንገታቸው ፈቱና እጄ ላይ አስቀመጡት። "ያዥልኝ" አሉ። "እጄን አላምነውም።"

ሐሙስ

ጠዋት መንደሩ ሁሉ በእሾህ አጥሩ ዙሪያ ቆሞ ነበር። ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ መጥተዋል። ቁልፉን ከፈትኩ። ገመዱን ኢንጂነር ራሱ እንዲልክ አደረግሁ፤ በኋላ አላየሁም እንዳይል ነው።

ገመዱ ወረደ። ዝም አለ። ኢንጂነር ለቀቀው፣ ለቀቀው፤ ገመዱ አሁንም ዝም ነው። አንድ በሬ ከሩቅ ሲያገሳ ብቻ ሰማን። መጨረሻው ላይ ገመዱ ላላ፤ ታች ደርሷል። ጎትቶ ሲያወጣው ጫፉ ላይ ጭቃ ብቻ ተጣብቆበታል።

እትየ የሻረግ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። እንግዳ ቤታቸው ገብቶ እንስራቸውን ከፍቶ ባዶ ያገኘባቸው ያህል ነበር። ያች ትናንት የጮኸችባቸው ሴት መጥታ ትከሻቸውን ያዘች። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን እያየ ሄደ፤ ሳይስቅ።

ቱቦውን ቆልፌ ቁልፉን ለእትየ የሻረግ መለስኩላቸውና ምሳ ሳንበላ አንሄድም አልኩ። ኢንጂነር ቸኩሎ ነበር፣ ጋሽ በቀለ ግን የመኪናውን ቁልፍ ኪሳቸው ከተው ቁጭ አሉ። እትየ የሻረግ ሳንበላ ብንሄድ ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር አውቃለሁ። ደጋግሜ በላሁ፤ "አፈር ስሆን" እያሉ አጎረሱኝ፣ ውኃም ከቅላቸው ጠጣሁ፤ ያን ጊዜ ግን እንደ ማክሰኞው ሞልተው አልሰጡኝም።

አርብ

ደጀን ላይ ለቁርስ ስንቆም ኢንጂነር መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑን ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ እንደማንኛውም ሰው ዓይን ነው።

"የሴትዮዋን ነገር ብንተወው ይሻላል" አለኝ። "ከአምና ወዲህ የተለካው ሁሉ ውድቅ ይሆናል እኮ። መሣሪያው ተበላሽቶ ነበር ብንል ሁሉንም ያስማማል።"

"ጠርሙሱስ?" አልኩት።

"የትኛው ጠርሙስ?"

"ቅጠሏ ያለችበት። ላብራቶሪ ሲገባ ጌሾ ከከርሰ ምድር እንዴት እንደ በቀለ ትነግራቸዋለህ።"

ጋሽ በቀለ ሻያቸው ትን አላቸው። ኢንጂነር መነጽሩን መልሶ አደረገ። ሪፖርቱን እንዳለ የፈረመው ኅሊናው ወቅሶት እንዳይመስላችሁ፤ በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ጌሾው ኢንጂነር ተብሎ መጠራት ስላስፈራው ነው። እኔ ግድ የለኝም። የዓባይን ቁልቁለት ስንወርድ ፍሬኑ አልሸተተም፤ ማንም ውኃ አላፈሰሰም።

አዲሱ ዋሻ ለጊዜው ቆሟል። ለጊዜው የሚለው ቃል የእኔ አይደለም፣ የእነሱ ነው። የቆየው ዋሻ ግን ከሰሉን እያወጣ ነው፣ እሱን አቁሙ ያለ ሰው የለም።

ከፋሲካ በኋላ ስልኬ ጮኸ። የአያ ምናለ ቁጥር ነው፤ የሚናገሩት ግን እትየ የሻረግ ናቸው። ጤናዬን፣ የቤተሰቤን ጤና፣ የጋሽ በቀለን ጤና ጠየቁ። ኢንጂነርን እንኳ ጠየቁ።

"ቱቦውን አልነካሁትም" አሉ። "ቁልፉን ለቄሱ ሰጥቻቸዋለሁ፣ እጄ እንዳያስቸግረኝ።"

"ጎበዝ! ምንጩስ እትየ?"

ይህን ጥያቄ አለፉት።

"መቼ ነው የምትመጪ?"

"ክረምቱ ሲወጣ ለመለካት እመጣለሁ።"

"በይ እንግዲያ" አሉኝ። "ያን የታሸገ ውኃሽን ይዘሽ ነይ።"